ማዳበሪያ የማይመልሰው ቀይ አፈር፦ ኖራ፣ ባሕር ዛፍ ወይስ ደንገሉን መመንጠር?

ጥያቄ፦ «የአባቴ መሬት ባሕር ዳር ዙሪያ ነው፤ በጠቅላላው አንድ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ላይኛው ክፍል ቀይ አፈር ያለው ተዳፋት ሲሆን ታችኛው ወደ ጣና ወርዶ ደንገሉ ጋ ይቆማል። አባቴ ስላረጁ በእኩል ነው የሚታረሰው። ተዳፋቱ ድሮ ጥሩ ገብስና በቆሎ ይሰጥ ነበር። አሁን ማዳበሪያ ብንጨምርም አልመልስ ብሏል። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቅጠሉ ወይን ጠጅ ይመስላል፣ ገብሱን ከተውነው ቆየን፣ የሚሻለው ዳጉሳና ግብጦ ብቻ ነው። እኩል አራሹ ‹ማዳበሪያው መሬቱን አቃጠለው› ይላል። ወንድሜ ‹ሰው የማይፈልግ ስለሆነ ሁሉንም ባሕር ዛፍ እንትከልበት› ይላል። ጎረቤት ደግሞ ‹ላይ ኖራ በትኑ፣ ታች ደንገሉን መንጥራችሁ ውሃው ሲሸሽ ሽንኩርትና ጓያ ዝሩ› ይለናል። የማንን እንስማ?»

መልስ፦ ሦስቱም ውስጥ እውነት አለ፤ ሦስቱም እንደተባለው ቢፈጸም ግን መሬቱ ይጎዳል። ከተዳፋቱ ልጀምር፤ የጥያቄው ቁልፍ እዚያ ነው።

የዘረዘሩት ምልክት ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ ላይኛው መሬት አሲዳማ ሆኗል። ገብስና ባቄላ አሲድን መቋቋም ከማይችሉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። በቆሎ መካከለኛ ነው። ጤፍና ድንች ይሻላሉ፤ ዳጉሳና ግብጦ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ይችላሉ። በአባትዎ መሬት ላይ ሰብሎቹ ተራ በተራ የከዱት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። የበቆሎው ቅጠል ወደ ወይን ጠጅ መለወጡ ፎስፈረስ ማጣቱን ያሳያል፤ ማዳበሪያ ተሰጥቶት ፎስፈረስ የሚያጣ ሰብል ሲያዩ መጠርጠር ያለበት አፈሩ ነው። ይህ መሬቱ ብቻ የተለየ ዕጣ ደርሶበት አይደለም። ከሀገሪቱ የእርሻ መሬት 40 በመቶ ገደማ የአሲድ ችግር እንዳለበት ይገመታል፤ ዝናብ የሚበዛባቸው የጎጃም ቀይ አፈሮች ደግሞ ከተጠቂዎቹ ግንባር ቀደም ናቸው።

ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች ሲወርድ በሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። የሟሟ አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ይመርዛል፤ ሥሩ አጥሮና ወፍሮ ይቀራል፣ ወደ ታች አይወርድም። ስለዚህ ተክሉ ውሃም ምግብም የሚያገኘው ከላይኛው ስስ አፈር ብቻ ነው፤ ዝናቡ ትንሽ ሲያቋርጥ ጎረቤት ማሳ ላይ ያለው ቆሞ የእናንተው ይጠወልጋል። በዚያ ላይ አሉሚኒየሙና ቀዩን አፈር ቀይ ያደረገው ብረት ከማዳበሪያው የመጣውን ፎስፈረስ አጣብቀው ይይዙታል። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ ከረጢት 38 በመቶ ፎስፌት ይዞ ቢመጣም፣ እንዲህ ባለ አፈር ላይ አብዛኛው ለሥሩ ሳይደርስ አፈሩ ያስቀረዋል። የምርመራ ወረቀት ሲደርስዎ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በፒኤች የአንድ ቁጥር ልዩነት ትንሽ አይደለም። 4.8 የሆነ አፈር 5.8 ከሆነው አሥር እጥፍ አሲዳማ ነው።

ማዳበሪያው አቃጠለው የሚለው በከፊል ልክ ነው። ዩሪያ አፈር ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይፈጥራል፤ 100 ኪሎ ዩሪያ የሚተወውን አሲድ ለማርከስ ወደ 84 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይጠይቃል። ይህ በየዓመቱ እየተደመረ ይሄዳል። ዋናው ጥፋት ግን ሌላ ቦታ ነው። የባሕር ዳር አካባቢ በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ይህ ውሃ አፈሩን ከአሲድ የሚጠብቁትን ካልሲየምና ማግኒዚየም አጥቦ ወደ ታች ያወርዳል። ቀድሞ ዛፍና ሣር በሥራቸው ከጥልቁ ስበው በቅጠል መልክ ይመልሱት ነበር። አሁን አገዳው ለከብትና ለማገዶ፣ ገለባው ለመኖና ለጭቃ ማቡኪያ፣ እበቱ ለኩበት ይሄዳል። ከፍሬው ይልቅ ብዙ ካልሲየምና ፖታሲየም ያለው ደግሞ አገዳውና ገለባው ውስጥ ነው። ከመሬቱ በየዓመቱ ይወጣል፣ የሚመለስለት ግን ዩሪያና ኤንፒኤስ ብቻ ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ካልሲየም የለም። ስለዚህ እኩል አራሹ ከዚህ ተነስቶ ማዳበሪያ ይቅር ካለ አይስማሙ። ማዳበሪያ ያጣ አሲዳማ መሬት አሲዳማነቱ እንዳለ ሆኖ በናይትሮጅንም ይራባል።

አሁን ወደ ኖራው። ኖራ ማዳበሪያ አይደለም። የሚሠራው አሲዱን ማርከስና አሉሚኒየሙን መልሶ ማሰር ነው፤ ካልሲየምም ይጨምራል። ናይትሮጅን የለውም፣ ፎስፈረስ የለውም። ኖራ በትኖ ማዳበሪያና ብስባሽ ያልጨመረ ገበሬ በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ ለውጥ አይቶ በሁለተኛው ቅር የሚለው ለዚህ ነው። የሚፈለገው የግብርና ኖራ ነው፦ ሳይቃጠል እንዲሁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ እንደ ዱቄት የላመ። በገበያ የሚሸጠው የቤት መቀቢያ ኖራ ከዚህ የተለየ ነው። የተቃጠለና ኃይለኛ ስለሆነ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ መጠኑም ሌላ ነው፤ በግብርና ኖራው ልክ ከበተኑት ዘሩን ሊያጠፋ ይችላል። የላመ ያልሆነ፣ ጠጠር የበዛበት ኖራም አይግዙ፤ ሻካራው ክፍል ለዓመታት ሳይሟሟ ይቀመጣል።

መጠኑን በጎረቤት ማሳ ለክቶ መወሰን አይቻልም። በእኛ ቀይ አፈሮች ላይ ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል የሚደርስ ኖራ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ የእርስዎን የሚወስነው ግን ላቦራቶሪ ነው። ከፒኤች በተጨማሪ በአፈሩ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየምና የሃይድሮጂን አሲድ መጠን እንዲለካ በግልጽ ይጠይቁ፤ የኖራው ስሌት የሚነሳው ከዚህ ቁጥር ነው። ለምሳሌ ይህ ልኬት 2 ቢወጣ በተለመደው ቀመር ወደ 27 ኩንታል ለሄክታር ይሆናል፤ 1 ቢወጣ ግማሹ ይበቃል። ልዩነቱ የብዙ ኩንታል መጓጓዣ ዋጋ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ መበተንም ዝም ብሎ ብክነት ብቻ አይደለም፤ የአፈሩ አሲድ ከልክ በላይ ሲረክስ ዚንክና ቦሮን የመሳሰሉት ለሰብሉ መድረስ ያቆማሉ።

ናሙናውን በትክክል መውሰድ ከምርመራው እኩል ዋጋ አለው። መሬቱን እየተጠማዘዙ እየሄዱ ከ15 እስከ 20 ቦታ ላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ያንሱ፣ በንጹሕ ባልዲ ያዋህዱና አንድ ኪሎ ያህሉን ወደ ባሕር ዳር የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ይውሰዱ። ማዳበሪያ የነበረበትን ከረጢት ወይም ባልዲ አይጠቀሙ። ከዛፍ ሥር፣ ከድሮ በረት፣ ከአውድማና ከኩይሳ አፈር አይውሰዱ። የተዳፋቱን ላይኛ ግማሽና ታችኛውን ግማሽ ለየብቻ ያስመርምሩ። ብዙ ጊዜ ላይኛው ክፉኛ ታጥቦ ታችኛው ደኅና ሆኖ ይገኛል፤ ያን ጊዜ የኖራው ወጪ በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ከጥር እስከ የካቲት ቢጨርሱ ውጤቱ ከመዝሪያው በፊት ይደርሳል።

ኖራው የሚበተነው ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ አፈሩ ትንሽ እርጥበት ሲያገኝ ነው። በደረቅ አፈር ላይ የተበተነ ኖራ አይሠራም፤ ነፋስ ይወስደዋል። ለበቆሎ ከሆነ በሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ እንደጣለ ማሳው ላይ እኩል ተበትኖ እስከ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ በእርሻ መደባለቅ አለበት። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ። ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን አይበተን፤ ዩሪያው ወደ ጋዝነት ተለውጦ ያመልጣል። ወጪው ከከበደ ሙሉውን መጠን በአንዴ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ከሙሉው አንድ አራተኛ ያህሉን በየዓመቱ በዘሩ መስመር ላይ ብቻ መጨመር ይቻላል፤ ሥሩ ያለበትን አካባቢ ያድናል። መሬቱን ሁሉ አያክምም፣ ሥራውም በየዓመቱ ይደጋገማል፤ ግን ጭራሽ ካለማድረግ በጣም ይሻላል። በሙሉ መጠን የተበተነው ከአራት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ እንደገና ምርመራ።

የኖራ ትልቁ ችግር ክብደቱ ነው። ድንጋዩ ራሱ ብርቅ አይደለም፤ በዓባይ ሸለቆ ደጀን አካባቢ በብዛት አለ። ዋጋውን የሚያንረው መኪናው ነው። ስለዚህ ብቻዎን ለጥቂት ኩንታል አይሯሯጡ፤ ተዳፋቱ ላይ የሚያዋስኗችሁ ሰዎች መሬት ከእናንተው የተለየ ስለማይሆን በኅብረት ሥራ ማኅበራቸው በኩል አብራችሁ እዘዙ። ለጓሮ ያህል ከሆነ የእንጨት አመድም አሲዱን ያረክሳል፤ ለሄክታር የሚበቃ አመድ ግን የትም ቤት የለም።

ከኖራው እኩል የምቆምለት ነገር እበትና ብስባሽ ነው። የበሰበሰ ነገር አሉሚኒየሙን ራሱ ይይዘዋል፣ ፎስፈረሱ በአፈሩ እንዳይነጠቅ ያግዛል፣ ውሃ ያቆያል። በየዓመቱ ጥቂት እየተጨመረ ከኖራው ጋር ሲሄድ የሚያመጣው ለውጥ ኖራ ብቻውን አያመጣውም። ግብጦውንም አይናቁት። ግብጦ ለድሃ መሬት የተፈጠረ ሰብል ነው። ከአየር ናይትሮጅን ይይዛል፤ ሥሩ ደግሞ አፈሩ የነጠቀውን ፎስፈረስ የሚያላቅቅ አሲድ ያመነጫል። አሁን እንደሚሆነው ከሥሩ ተነቅሎ አገዳው ለማገዶ ከሄደ ጥቅሙ ግማሽ ነው። ማጨድና ሥሩን ለመሬቱ መተው ይሻላል። በዓመቱ በዚያው ቦታ የሚዘራው በቆሎ ወይም ጤፍ ይጠቀማል።

ይህ ሁሉ ግን መሬቱ ባለበት ከቆየ ነው። ተዳፋት ብለዋል። ውሃ ሳይያዝ ኖራና ብስባሽ ተዳፋት ላይ መጨመር ገንዘብን ወደ ጣና ማፍሰስ ነው። እኩል አራሹ ፈሰስ (በማሳው ውስጥ ውሃ የሚያስወጣ ቦይ) እንዴት እንደሚያወጣ ሄደው ይመልከቱ። ቁልቁል በቀጥታ የሚያወጣ ከሆነ የዛሬው ፈሰስ የነገው ቦረቦር ነው። በዚህ አካባቢ ግን እርከን ይሠራ ሲባል አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ዝናብ ባነሰበት ሀገር ውሃን ሙሉ በሙሉ የሚያቆመው ደልዳላ እርከን ልክ ነው፤ እዚህ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ ከእርከኑ በላይ ያለው ሰብል በውሃ ታፍኖ ይቢጫል፣ ገበሬው በነሐሴ እርከኑን ራሱ ያፈርሰዋል። ለእናንተ የሚስማማው በ100 ሜትር ርዝመት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ዝቅ እያለ ውሃውን ቀስ ብሎ ወደ ጎን የሚያስወጣ እርከን ነው። የሚያስወጣበት ቦታ ደግሞ አስቀድሞ ሣር የለበሰ የውሃ መውረጃ መሆን አለበት፤ መውረጃ ሳይዘጋጅ የተሠራ እርከን ውሃውን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ያፈነዳዋል። በእርከኑ ትከሻ ላይ ደሾ ሣር ወይም ቬቲቨር፣ በመካከሉ ሰስባንያ ወይም የእርግብ አተር ይተከል። እርከኑ የሚወስደውን መሬት በመኖ ይከፍላል፤ ግን ከብት እንደልቡ ከገባበት በአንድ በጋ ይፈርሳል።

ቦረቦር ከጀመረ ትንሽ ሳለ ይያዝ። ከባሕር ዳር ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ያለው የደብረ ማዊ ተፋሰስ ተመራማሪዎች ይህን ለዓመታት ያጠኑበት ቦታ ነው። እዚያ በግልጽ የታየው ነገር ቢኖር ከተዳፋቱ ግርጌ፣ መሬቱ በክረምት ውሃ ጠግቦ በሚያብጥበት ስፍራ፣ የቦረቦሩ ግድግዳ በራሱ ክብደት እየተናደ እንደሚሰፋ ነው። ከዚያ በኋላ ድንጋይ በሽቦ አስሮ መደርደር ብቻውን አያቆመውም። ገና ጉልበት ሳያልፍ አናቱን ማለስለስ፣ ሣርና ቁጥቋጦ መትከልና ከብት መከልከል በአንድ ቤተሰብ ጉልበት የሚቻል ሥራ ነው።

ወንድምዎ ባሕር ዛፍ ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የአባት ጉልበት አልቋል፣ ልጆች ከተማ ናቸው። ባሕር ዛፍ አረም አይፈልግም፣ ከብት አይበላውም፤ በአምስት ዓመት ገደማ አጣና ይሰጣል፣ ተቆርጦም መልሶ ያቆጠቁጣል። ከባሕር ዳር እስከ መራዊ በመንገዱ ግራና ቀኝ ማሳው ዛፍ የሆነው ሰው ስለሰነፈ አይደለም። በዛፉ ላይ የሚነገረው ሁሉም እውነት አይደለም፤ መሬቱን ለዘላለም አይመርዝም። እውነተኛው ጉዳት ይህ ነው፦ ከዛፉ መስመር እስከ 20 ሜትር ድረስ ያለ በቆሎ በውሃና በምግብ ሽሚያ ይቀንሳል። በአንድ ሄክታር ጠባብ መሬት ላይ 20 ሜትር ማለት የጎረቤት ማሳ ማለት ነው፤ ጠቡም ከዚያ ይነሳል። ሥሩ ምንጭና እርጥብ ቦታ ያደርቃል። አሲዱን አያክምም፤ እንጨቱ በየዙሩ ሲወጣ ካልሲየም ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ተመልሶ ወደ እርሻ ልቀይረው ያለ ሰው ጉቶ ለመንቀል የሚያወጣው ጉልበት ብዙ ነው።

ስለዚህ ባሕር ዛፍ በሙሉ አይሁን፤ ጭራሽም አይከልከል። ከተዳፋቱ አናት ድንጋያማ የሆነውን፣ ከጎረቤት ወሰን የራቀውንና ከመሬቱ አንድ ስምንተኛ የማይበልጠውን ጥግ ይስጡት። ይህ ጥግ ለቤቱ ማገዶ ከሰጠ እበቱ ከኩበትነት ተርፎ ወደ ማሳ ይመለሳል፤ የባሕር ዛፍ ትልቁ ውለታ እርሱ ነው። «አዊ ዞን ሰው በዲከረንስ ከበረ፣ እኛም እንትከል» የሚልዎ ሰውም ይመጣል፤ ዲከረንስ ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። በዚያው ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዛፉን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብረው ተክለው፣ በሁለተኛው ሣሩን አጭደው፣ ከዚያ ከሰል አክስለው መሬቱን መልሰው ማረሳቸው በእውነት ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ለአሲዳማ መሬትም እረፍት ሰጥቷል። ነገር ግን ያ ዛፍ የደጋ ዛፍ ነው፤ የጣና ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ሞቃት ነው። በቅርብ ዓመታትም የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ ጨርሷል። በአንድ ዛፍ ላይ ሁሉን መጣል ምን እንደሚያመጣ ከዚያ ይታያል።

ጉልበት የማይፈጅ ነገር ከፈለጉ ከዚሁ አካባቢ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ዘጌ ማረሻ ሳይገባበት፣ ቡናን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እያበቀለ ስንት ትውልድ ኖሯል። የእናንተ ተዳፋት ነገ ዘጌ አይሆንም። በታችኛው ግማሽ ግን፣ አፈሩ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ በእርከኑ ላይ ዋንዛና ግራቪሊያ እያራራቁ ተክሎ፣ ጌሾና ጥቂት ቡና ወይም አቮካዶ ማስገባት ይቻላል። አቮካዶ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ አይወድም፤ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ወደ ደንገሉ አያውርዱት።

አሁን ታችኛው። እዚህ ላይ መልሴ አጭር ነው፦ ደንገሉን አይንኩት። ከላይ ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ሐይቁ ሳይገባ የሚቀረው በዚያ ደንገል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መታየቱ በይፋ የተነገረው እምቦጭ የሚወፍረው ከማሳ በሚወርደው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ ደንገል በተመነጠረበት ዳር ደግሞ ሰፊ ቦታ ያገኛል። ቀረሶ የሚራባው ዳር ዳሩን ባለው እጽ ውስጥ ነው፣ አምባዛም በክረምት ወደ ረግረጉ ይወጣል። ታንኳ የሚሠራው ከዚሁ ደንገል ነው፤ በእሱ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራም ነው።

ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ የጎረቤትዎ ስሌት አስተማማኝ አይደለም። የጣና ዳር ሜዳ ስለሆነ ውሃው በከፍታ ጥቂት ሲቀንስ ዳሩ ብዙ ይሸሻል፤ ጥቂት ሲጨምር ብዙ ይመለሳል። በዓመት ውስጥ ከፍታው ከመስከረም እስከ ሰኔ መግቢያ በአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይለዋወጣል። የሐይቁን መውጫ ከሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብና በ2002 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው፣ 460 ሜጋ ዋት ከሚያመነጨው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ወዲህ ደግሞ ውሃው የሚሸሽበትን ጊዜና ልክ የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። ውሃው ሸሽቶ በተወው መሬት ላይ ሽንኩርት የዘራ ሰው የማይቆጣጠረውን ነገር ተማምኖ ነው። መሬቱም የአባትዎ ስለመሆኑ እርግጠኛ ይሁኑ፤ በይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ወሰን የት እንደሚያበቃ ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ጋር ሆነው ይዩት። ውሃው ሲሸሽ የሚወጣው መሬት ደብተር የለውም፤ ዛሬ እናንተ ካረሳችሁት ነገ ሌላው ይመጣበታል።

ከደንገሉ በላይ ቢያንስ አሥር ሜትር ስፋት ያለው፣ ማረሻ የማይነካው የሣር ጥብጣብ ይተዉ። ሣሩን አጭዶ ለከብት መስጠት ይቻላል፤ ከብት ማስገባት አይቻልም። ሽንኩርት ካማራችሁ ከዚያ በላይ ባለው ሜዳ በጉድጓድ ውሃ ይዘራ። የተባይ መድኃኒት መርጫውን ሐይቁ ውስጥም ሆነ ጉድጓዱ ዳር ማጠብ ክልክል ይሁን፤ ይህን ለሚያርሰው ሰው ራስዎ በቃል ይንገሩት።

ማንም ያልጠየቀኝ፣ ግን ሁሉን የሚወስነው ጉዳይ ይቀራል፦ የእኩል ውሉ። ኖራ ለአራትና አምስት ዓመት የሚከፍል ወጪ ነው፤ እርከንም እንዲሁ። በየዓመቱ «ዘንድሮ ይሰጡኝ ይሆን?» እያለ የሚያርስ ሰው በሰው መሬት ላይ ኖራ አይበትንም፣ ብስባሽ አያጓጉዝም፤ ያለውን አሟጦ ይሄዳል። ይህ ክፋት አይደለም፣ ስሌት ነው። ቀይ አፈሩ እዚህ የደረሰው ከአሲዱም በላይ ለነገ የሚያስብለት ሰው ስላጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ከእኩል አራሹ ጋር ቢያንስ የአምስት ዓመት ውል በጽሑፍ ይግቡና በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡት። ኖራው በእናንተ ወጪ ይገዛ፤ መበተኑ፣ እርከኑና ብስባሹ በእርሱ ጉልበት ይሁን፤ ገለባው ለእርሱ ሆኖ እበቱ ለመሬቱ ይመለስ። በውሉ ውስጥ ፈሰስ ቁልቁል እንደማይወጣና የሣር ጥብጣቡ እንደማይታረስ ይጻፍ።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ዘንድሮ በበጋው ምርመራውንና ውሉን ይጨርሱ፤ የውሃ መውረጃውንና የመጀመሪያዎቹን እርከኖች የተፋሰስ ሥራ በሚካሄድበት ወቅት ከጎረቤት ጋር ያሠሩ። በሚያዝያ ኖራውን ይበትኑ፤ ገንዘብ ካነሰ በላይኛው ግማሽ ብቻ። በመጀመሪያው ክረምት በቆሎ ይዘራ፤ ገብስና ባቄላ ለሁለተኛው ይቆዩ። የተለመደውን ኤንፒኤስና ዩሪያ አይቀንሱ፣ አይጨምሩ። በሦስተኛው ዓመት ግብጦ በዙር ይግባ። ባሕር ዛፉ ጥጉ ላይ፣ ደንገሉ ባለበት። ማሳው መሃል ደግሞ አሥር እርምጃ ስፋት ያለው ኖራ ያልነካው መስመር ይተዉ፤ በመኸር ከጎኑ ካለው ጋር አወዳድረው በዓይንዎ ያያሉ፣ ወንድምዎም ያያል።

ይህን ምክር የሚሽረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የላቦራቶሪው ውጤት ከ5.5 በላይ ከሆነ ኖራ አይግዙ፤ ችግሩ ሌላ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በማረሻው ሥር፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የጠነከረ ንጣፍ መኖር አለመኖሩ ነው፤ በእርጥብ አፈር ላይ ቀጭን ብረት ወደ ታች ሲገፉ ድንገት ካስቸገረ አለ። ቀጥሎ የብስባሽና የናይትሮጅን መጠኑ በዚያው ወረቀት ላይ ይነበባል። እርከኑ፣ የእኩል ውሉ፣ የባሕር ዛፉ ጥግና ደንገሉ ግን ውጤቱ ምንም ቢሆን አይለወጡም።